ንጉሡ ስንጥቁንም ጭምር አስቀዱት

እኛ ቤት ሲኒ ከተሰነጠቀ ዕጣው የታወቀ ነው። ለእንግዳ አይቀርብም። ወይ ጓዳ ገብቶ የጨው ማስቀመጫ ይሆናል፣ ወይ ረከቦቱ ላይ ከኋላ ተደብቆ ለቤተሰብ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ የዛሬ 300 ዓመት ገደማ በቻይና ቤተ መንግሥት የሆነውን መጀመሪያ ስሰማ ግራ ገባኝ። ንጉሠ ነገሥቱ በዘመኑ እጅግ ለተራቀቁት ሸክላ ሠሪዎቻቸው አሮጌ ዕቃ ልከው እንደዚያው ተደርጎ እንዲሠራ አዘዙ። ዕቃው ከአፉ እስከ እግሩ ንቃቃት ነው። ሠሪዎቹም ንቃቃቱን ጭምር ቀድተው አመጡላቸው።

በነገራችን ላይ "ሲኒ" የሚለው ቃላችን ራሱ ወደዚያው ይወስደናል። ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም "ቻይናዊ" ማለት ነው። ቡናችንን ስንጠጣ በየቀኑ የቻይናን ስም እየጠራን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ቃል እንግባባ። "ልባስ" የምለው ሸክላው ላይ የሚያብረቀርቀውን ስስ ሽፋን ነው። ልባስ ሌላ ምስጢር የለውም፣ መስታወት ነው። ድንጋይ ይፈጫል፣ ከአመድና ከኖራ ጋር ይደባለቃል፣ በውሃ ይቀጥናል፣ ዕቃው ይቀባል። እሳት ሲገባ ይቀልጣል። ሲበርድ መስታወት ሆኖ ይቀራል። ቀለም የሚሰጠው ውስጡ ያለው ትንሽ ብረት ወይም መዳብ ነው። ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ይጀምራል። እቶኑ ውስጥ አየር እንደልብ ከገባ ብረቱ ቢጫ ወይም ቡናማ ይሆናል። አየር ሲያጥርና እሳቱ ሲታፈን ደግሞ ያው ብረት ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ያኔ ቴርሞሜትር የለም። እሳት የሚጠብቀው ሰው የነበልባሉን መልክ በዓይኑ እያየ ነው የሚወስነው።

አሁን ወደ ተቀጂዎቹ። የቻይና ሰዎች ሸክላ ሲያደንቁ ዞረው ዞረው የሚመለሱት ወደ ሶንግ ሥርወ መንግሥት ነው፤ ከ960 እስከ 1279 የነገሠው ነው። ከዚያ ዘመን ከሚነሱት ስሞች አራቱ እዚህ ያስፈልጉናል፦ ሩ፣ ጓን፣ ገ እና ጁን። ቁንጮው ሩ ነው። ከዝናብ በኋላ የጠራ ሰማይ የሚመስል ለስላሳ ሰማያዊ ነው። ምንም ሥዕል የለበትም፣ ወርቅም የለበትም። በሄናን ክፍለ ሀገር ቺንግልያንግስ በምትባል መንደር፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ12ኛው መጀመሪያ ለጥቂት አሥርት ዓመታት ብቻ ለቤተ መንግሥት ተሠራ። በ1127 ከሰሜን የመጡት ጁርቸኖች ዋና ከተማይቱን ያዙ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ ሸሸ። ሩም በዚያው አከተመ። በዓለም ላይ ዛሬ የቀሩት ከ100 ያነሱ ናቸው። በ2017 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት የብሩሽ ማጠቢያ ሳህን 294 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጠች። ወደ 38 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ማለት ነው። እጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ሳህን!

ወደ ደቡብ የሸሸው ቤተ መንግሥት ሃንግጆ ሲደርስ የራሱን እቶን አቋቋመ። ጓን የሚባለው የዚያ ሥራ ነው፣ ቃሉም "የመንግሥት" ማለት ነው። ገ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ጁን ደግሞ ለብቻው ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስድስት መቶ ዓመት ዘለን ቺንግ ሥርወ መንግሥት ጋ እንድረስ። በ1722 መጨረሻ ዙፋን የወጡት ንጉሠ ነገሥት ዮንግጄንግ የነገሡት 13 ዓመት ብቻ ነው። ግን ዕቃ ያውቃሉ። ዝም ብሎ ማወቅ ሳይሆን፣ የአንድ ማሰሮ አንገት ወፍሯል ቀጥኗል ብለው የሚያስተካክሉ ሰው ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ይላሉ፦ ቺንጎች ማንቹ ናቸው፣ ከውጭ መጥተው ቻይናን የያዙ ናቸው፣ ስለዚህ የጥንቱን ቅርስ ወራሽ መሆናቸውን ማሳየት ነበረባቸው። እውነት አለው። እኔ ግን ሰውየው ዕቃውን ከልባቸው ይወዱት ነበር ባይ ነኝ። ለፖለቲካ ብቻ ብሎ ስለ ማሰሮ አንገት የሚጨነቅ የለም።

ሥራው የሚሠራው ከቤይጂንግ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ጂንግዴጄን ነው። በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ያለች፣ እንዳለ ከተማዋ ሸክላ የምትሠራ ከተማ ናት። በ1728 ታንግ ዪንግ የሚባል የቤተ መንግሥት ባለሥልጣን ተቆጣጣሪ ሆኖ ወደዚያ ተላከ። ስለ ሸክላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ይህንን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው የጻፈው። ታዲያ ምን አደረገ? በሩን ዘጋ፣ ግብዣና ጥየቃ አቆመ፣ ሦስት ዓመት ከሠራተኞቹ ጋር እየበላ፣ ከሠራተኞቹ ጋር እያደረ ተማረ። በኋላ በ1743 የሸክላ ሥራን ከአፈሩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በ20 ሥዕሎች የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጀ። እዚያ ውስጥ ልባስ እንዴት እንደሚነፋ ተጽፏል። ቀጭን የቀርከሃ ቱቦ ይያዛል፣ አንደኛው ጫፉ በስስ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ልባሱ ውስጥ ይነከርና በሌላው ጫፍ በአፍ ይነፋል። እንደ ዕቃውና እንደ ልባሱ ዓይነት ከ3 ወይም 4 ጊዜ እስከ 17 እና 18 ጊዜ ይደጋገማል። ለአንድ ማሰሮ 18 ዙር እፍ!

እንግዲህ ዋናው ራስ ምታት መጣ። ጂንግዴጄን የምትሠራው ነጭ ሸክላ ነው፣ እኛ ፖርሴሊን የምንለውን። አፈሩ ካኦሊን ነው፣ እንደ ዱቄት የነጣ። የሶንግ ዕቃዎች ግን ነጭ አይደሉም። የሩ አፈር እንደ ዕጣን አመድ ግራጫ ነው። የጓን አፈር ብረት የበዛበት፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው። ልባሱ ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። ነጭ ቀሚስ ላይ የተደረበ ስስ ሻሽና ጥቁር ቀሚስ ላይ የተደረበ ስስ ሻሽ አንድ አይመስሉም፣ ይኸውም እንደዚያው ነው። የጥንቱን ልባስ ትክክለኛ ቅመም ብታገኝ እንኳ ነጭ አፈር ላይ ስትቀባው ሌላ ዕቃ ይወጣሃል። ቅመሙም ቢሆን አልነበረም። የሩ ሠሪዎች የጻፉት ነገር አልተገኘም። አንድ የሶንግ ዘመን ጸሐፊ ልባሳቸው ውስጥ አጌት የሚባል የከበረ ድንጋይ ይፈጭ እንደነበር ጽፏል። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ግን አጌት ከአሸዋ ጋር አንድ ነገር ነው፣ ሁለቱም ሲሊካ ናቸው። እሳቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ልዩነቱ ለኪስ ብቻ ነው።

ስለዚህ መንገዱ አንድ ነበር። ዕቃውን ማየት፣ መሞከር፣ ማቃጠል፣ እንደገና ማየት። ቤተ መንግሥቱ ከግምጃ ቤቱ እውነተኛ የሶንግ ዕቃዎችን እያወጣ ለናሙና ወደ ጂንግዴጄን ይልክ ነበር።

ንቃቃቱስ? ይሄ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ጭቃ ቤት ሲለሰን አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ጭዱ ያነሰ ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ግን አይኮማተርም። ስለዚህ ጭቃው ይሰነጣጠቃል። ልባስም ልክ እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የሚሠራው መድረቅ ሳይሆን መብረድ ነው። ዕቃው ከእቶን ወጥቶ ሲበርድ ልባሱም ሸክላውም ይኮማተራሉ። ልባሱ ከሸክላው የበለጠ ከተኮማተረ ጠብቦት ይሰነጠቃል። ለጥቂት ቀናት "ቲንግ፣ ቲንግ" የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንዴ ወራት ቆይቶም ሌላ ስንጥቅ ይመጣል። ለሌላ ሸክላ ሠሪ ይሄ ኪሳራ ነው። ጂንግዴጄን ግን ሆን ብላ ሁለቱን እንዳይስማሙ አደረገቻቸው። ልባሱ ውስጥ የሶዲየምና የፖታሲየም ድንጋይ ሲበዛ መኮማተሩ ይጨምራል። መጠኑን በመቀያየር ንቃቃቱን ሰፊ ወይም እንደ ዓሣ እንቁላል ደቃቅ ማድረግ ይቻላል።

በዚህም አላበቃም። በገ ዕቃ ላይ ሁለት ዓይነት ስንጥቅ አለ። ትልልቆቹ ጥቁር ናቸው፣ በመሃል ያሉት ደቃቆቹ ቢጫ ናቸው። ቻይናዎች "የወርቅ ክርና የብረት ሽቦ" ይሉታል። ጂንግዴጄን ይህንንም ቀዳች። ዕቃው ሲሰነጠቅ ቀለም ይታሻል፣ ስንጥቁ ይጠጣዋል፣ የተረፈው ይጠረጋል።

አሁን አንዱን ዕቃ ገልብጡልኝ። የእውነተኛ ጓን እግር፣ ማለትም መሬት የሚነካው ክብ፣ ልባስ የለበትም። ራቁቱን ስለሆነ ጥቁሩ አፈር ይታያል። አፉ ላይ ደግሞ ልባሱ ሲቀልጥ ወደ ታች ስለሚሸሽ ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው አፈርም ወይን ጠጅ መስሎ ይወጣል። "ወይን ጠጅ አፍ፣ የብረት እግር" ይባላል። እንግዲህ ነጭ አፈር ይዘህ ይህን ከየት ታመጣዋለህ? አንዳንዱን ዕቃ ከመነሻው አፈሩን ብረት እየቀላቀሉ አጠቆሩት። ለሌላው ግን አቋራጭ ነበራቸው። እግሩ ላይ ቡናማ ቀለም ቀቡት። አፉም ላይ ቡናማ መስመር አዞሩበት። ዕቃው ከላይ ሲታይ የሶንግ ነው። ሲገለበጥ እግሩ ጫማ እንደተቀባ ነው። ይህቺን ቡናማ ቅብ ባየሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፣ ባለሙያው በዓለም ምርጡን ነጭ አፈር ይዞ ለመደበቅ ሲለፋ ይታየኛል።

በ1735 ታንግ ዪንግ የሚሠሩትን የልባስና የማስዋብ ዓይነቶች በሙሉ ዘርዝሮ በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። 57 ናቸው። ዝርዝሩ የቢሮ ወረቀት መሆን ሲገባው አንዳንድ ቦታ ያስቃል። ንቃቃት የሌለው የሩ ልባስ ከየት እንደተቀዳ ሲናገር፣ ከሶንግ ዘመን "የድመት መመገቢያ ሳህን" ላይ ነው ይላል። አዎ፣ የድመት። ሩ በጣም የከበረ ነው ብዬ ስለፍፍ ነበር፣ ቤተ መንግሥቱ ግን ያንን ቅርጽ የሚያውቀው በድመት ነው። ዛሬ ሙዚየሞች ይህን ዓይነቱን ሞላላ ሳህን የአበባ መትከያ ነው ይሉታል። ታይፔ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለው ንቃቃት የለሽ ሳህን ሥሩ ላይ የዮንግጄንግ ልጅ የንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ግጥም ተቀርጾበታል። ግጥሙ የውሻ መመገቢያ ነው የሚለውን ወሬ ያነሳል። አባትየው ዘንድ ድመት፣ ልጅየው ዘንድ ውሻ። ቺየንሎንግ በስማቸው ከ40 ሺህ በላይ ግጥም የሚቆጠርላቸው ሰው ናቸው፣ ባዶ ቦታ ካዩ አይምሩም። በሶንግ ሸክላ ላይ ግጥም ማስቀረጻቸውን ዛሬ የሚያማርሩ አሉ። እኔም አንዱ ነኝ።

ጁን ላይ እንመለስ። ይህ ልባስ ወፍራም ሰማያዊ ነው፣ አንዳንዴ መዳብ የተረጨበት ወይን ጠጅ ደመና አለው። ሰማያዊው ከቀለም ብቻ የመጣ አይደለም። ልባሱ ሲበርድ እንደ ዘይትና ውሃ ለሁለት ይለያያል። ዓይን የማያያቸው ጠብታዎች በውስጡ ይበተናሉ፣ ብርሃን ሲመታቸው ሰማያዊውን ይበትኑታል። ሰማይ ሰማያዊ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ በማይርቅ ምክንያት ነው። ይህን መቅዳት ከባድ ነበር። በ1729 ታንግ ዪንግ አንድ ሰው ወደ ሄናን ልኮ የጥንቱን አሠራር አስጠየቀ። በ1735ቱ ዝርዝር ውስጥ ውጤቱ አለ። ከአሮጌ ዕቃ ከተቀዱት አምስት የጁን ቀለሞች አንዱ "የበቅሎ ጉበትና የፈረስ ሳንባ" ይባላል። ልኳንዳ ቤት የገባሁ መሰለኝ፣ ግን ቀለሙን ያየ ሰው ስሙን አይከራከርም። ከእነሱ ቀጥሎ አዲስ የተገኙ አራት ቀለሞች ተጽፈዋል። እነዚህ የማንም ቅጂ አይደሉም። ጁንን ሲያሳድዱ በመንገድ ላይ ያገኟቸው ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቀይና ሰማያዊ እንደ ነበልባል እየተላለፈ የሚወርድበት ልባስ ነው፣ ዛሬ የቺንግ መለያ ሆኗል። ልክ እንደ ጥንቱ አልመጣም፣ ግን ማንም አልጣለውም።

ቀዩ መዳብ ለራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ በአጭሩ ልለፈው። ከቺንግ በፊት በነበረው በሚንግ ሥርወ መንግሥት፣ በንጉሠ ነገሥት ሹዋንዴ ጊዜ፣ ማለትም በ1426 እና በ1435 መካከል የተሠራ ድንቅ ቀይ ልባስ ነበር። ከዚያ ሙያው ደከመ። መዳብ እቶን ውስጥ አመለኛ ነው። አየር ከበዛ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሙቀቱ ካለፈ ተንኖ ይጠፋል። በ1705 እና በ1712 መካከል የጂያንግሺ ገዥ የነበረው ላንግ ቲንግጂ ዘመን ላይ ቀዩ ተመለሰ፣ በስሙም ተጠራ። "መደኽየት ከፈለግህ የላንግን ቀይ አቃጥል" የሚል አባባል አላቸው።

እስካሁን "ታዲያ ይሄ ፎርጅድ አይደለም ወይ?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ልክ ናችሁ፣ እኔም ጠይቄያለሁ። ፎርጅድ ምን እንደሚመስል አንድ ምስክር አለን። ደንትርኮል የሚባል ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ጂንግዴጄን ይኖር ነበር፣ በ1712 የጻፈው ደብዳቤ አለ። አሮጌ አስመስለው የሚሸጡ ሰዎች ዕቃውን በዶሮና በሥጋ መረቅ እንደሚቀቅሉት፣ ከዚያ ወር ወይም ከዚያ በላይ እጅግ በቆሸሸ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀብሩት ይናገራል። ሲወጣ የ300 እና የ400 ዓመት ዕቃ ይመስላል። የዶሮ መረቁ ሳይሆን ጉድጓዱ ነው የሚያስጠላኝ።

የቤተ መንግሥቱ ቅጂ እንዲህ አይደለም። አዲስነቱን አይደብቅም። ገልብጡትና ሥሩን እዩ። በሰማያዊ ቀለም ስድስት ፊደላት በጥንታዊ የማህተም አጻጻፍ ተጽፈዋል፦ "በታላቁ ቺንግ፣ በዮንግጄንግ ዘመን የተሠራ።" ከላይ ሶንግ፣ ከታች ፊርማ። ንጉሡ ማንንም ማታለል አልፈለጉም። የሚሉት "የጥንቶቹ የቻሉትን የእኔም ሰዎች ይችላሉ" ነው። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ማህተሙን ፍቀው ዕቃውን የሶንግ ነው ብለው የሚሸጡ ነጋዴዎች ተነሱ። ስለዚህ ሥሩ የተፋቀ ዕቃ ስታዩ ተጠንቀቁ።

የዚህ ሁሉ ጣሪያ ቤይጂንግ በሚገኘው የቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለው ትልቅ ማሰሮ ነው። ከቺየንሎንግ ዘመን ነው፣ ቁመቱ 86.4 ሴንቲ ሜትር። ሰዎች "የሸክላ እናት" ይሉታል። ከአፉ እስከ እግሩ ልባሶች እንደ ቀለበት ተደራርበውበታል። የሩ ቅጂ አለ፣ የጓን አለ፣ የገ አለ፣ ነበልባሉም አለ፣ በመሃል ደግሞ ሥዕሎች። ከፍተኛ እሳት የሚፈልጉት ቀድመው ተቃጠሉ። ዝቅተኛ እሳት የሚፈልጉት ተቀብተው እንደገና እቶን ገቡ። አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ። እውነቱን ለመናገር ዕቃው ለዓይን ይከብዳል፣ አባትየው ዮንግጄንግ የሚወዱት አይመስለኝም። ችሎታ ለማሳየት ግን ከዚህ የበለጠ የለም።

የሩ እቶን ራሱ የት እንደነበረ ሲፈለግ ቆይቶ በ1980ዎቹ ቺንግልያንግስ መንደር ላይ ተለየ። በ2000 ደግሞ ዕቃው የተቃጠለበት ቦታ ተቆፍሮ ወጣ። ታንግ ዪንግ ያላገኘው ስብርባሪ አሁን በእጃችን ነው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ይመረመራል። ጂንግዴጄንም ሥራዋን አላቆመችም። ዛሬ እዚያ ብትሄዱ የሩ ቅጂ ይሸጣል፣ የጓን ቅጂም ይሸጣል። የዮንግጄንግ ቅጂዎች ቅጂም አለ፣ ከነቡናማ እግሩ፣ ከነንቃቃቱ። ብዙዎቹ በቅርብ የተሠሩ ናቸው። ገልብጣችሁ ስታዩት ግን ሥሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም "በታላቁ ቺንግ፣ በዮንግጄንግ ዘመን የተሠራ" ይላል።